የሺኔድ ኦኮነር ሥራ በዚያ ምሽት አበቃ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የዝግጅት ክፍሉ ምላሾች

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚመለከቱት አንዲት የአየርላንድ ዘፋኝን ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እንዲያነቡልን እናሳስባለን።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ስለ ቦብ ማርሊ ሲወራ፣ አንዲት የአየርላንድ ዘፋኝ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ንግግር በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንደ ዘፈነች፣ እዚያው መድረክ ላይም የሮማውን ሊቀ ጳጳስ ፎቶ እንደ ቀደደችና በዚህ ምክንያት የዘፋኝነት ሥራዋ እንዳበቃ ሰማሁ። ሴትዮዋ ማን ናት? ነገሩስ እውነት ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው በቀር የሰሙት ሁሉ እውነት ነው። ዘፋኟ ሺኔድ ኦኮነር ትባላለች፤ በ1966 ዳብሊን ተወልዳ ጁላይ 26 ቀን 2023 ለንደን ውስጥ በ56 ዓመቷ አርፋለች። ሥራዋ ግን በዚያ ምሽት አላበቃም፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት አልበሞችን አውጥታለች። በዚያ ምሽት ያበቃው በገበያው አንደኛ የመሆን ዕድሏ ሲሆን፣ እርሱን ደግሞ ከመጀመሪያውም አጥብቃ የፈለገችው አይመስልም።

ከንግግሩ እንጀምር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ ፈጽሞ ተነቅፎ እስካልተጣለ፣ የሰውም የቆዳው ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ቁም ነገር ሆኖ መታየቱ እስካልቀረ ድረስ፣ የዘላቂ ሰላም ተስፋ ሕልም ሆኖ እንደሚኖር ተናገሩ። ቦብ ማርሊ በ1976 ባወጣው «ራስታማን ቫይብሬሽን» በተባለው አልበም ውስጥ የሚገኘው «ዋር» የተሰኘ ዘፈን ይህንኑ የንግግሩን ክፍል ቃሉን እምብዛም ሳይለውጥ በሬጌ ምት ላይ ያዋለ ነው። ሺኔድ ኦኮነር ኦክቶበር 3 ቀን 1992 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» በተባለው የቀጥታ ሥርጭት ላይ የዘፈነችው ይህን ዘፈን ነበር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው መስከረም 23 ቀን 1985 ዓ.ም. ይሆናል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በኒው ዮርክ ከተማ ንግግሩን ካደረጉ ልክ 29 ዓመት ማለት ነው። አጋጣሚ ይመስለናል እንጂ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ አስልታ ነው ለማለት አንደፍርም።

ነጭ የዳንቴል ቀሚስ ለብሳ፣ አጠገቧ ሻማዎች በርተው፣ በማይክሮፎኑ መቆሚያ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው የራስታዎች ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ ዘፈነች። ንጉሠ ነገሥቱ አንጎላን፣ ሞዛምቢክንና ደቡብ አፍሪካን ይዘው ስለ ነበሩት አገዛዞች በተናገሩበት ቦታ የእነዚህን አገሮች ስም አውጥታ በምትኩ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል አስገባች። መልካሙ ክፉውን ድል እንደሚነሣ ያላትን እምነት ወደሚናገረው መዝጊያ ስትደርስ፣ «ክፉ» የሚለው ቃል ላይ የሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶ ወደ ካሜራው ከፍ አድርጋ ቀደደችው፤ እውነተኛውን ጠላት ተዋጉ ብላም ቁርጥራጩን ወረወረች። በዕለቱ ልምምድ ላይ የአንድ ሕፃን ፎቶ ብቻ አሳይታ ስለ ነበር ከዝግጅቱ ሰዎች ነገሩን አስቀድሞ የጠረጠረ አልነበረም። ተመልካቹ እንዲያጨበጭብ የሚጋብዘው መብራት እንዳይበራ ታዘዘ፤ እርሷም ሻማዎቹን እፍ ብላ አጥፍታ በፍጹም ጸጥታ ከመድረኩ ወረደች።

ያ ፎቶ ከመንገድ የተገዛ አልነበረም፤ በእናቷ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ነው። ሺኔድ ወላጆቿ ገና በልጅነቷ የተለያዩባት ናት። በጊዜው በአየርላንድ ፍቺ በሕገ መንግሥት የተከለከለ ነበር፤ የተፈቀደው በ1995 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ በጠባብ ልዩነት ሲሆን፣ ሕጉ እንዲለወጥ ከታገሉት አንዱ ጠበቃ የነበረው አባቷ ነው። እናቷ ትደበድባት እንደ ነበር ዕድሜዋን ሙሉ ከመናገር አልቦዘነችም። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ መካከል ከሱቅ በመስረቅና ከትምህርት ቤት በመጥፋት ምክንያት ዳብሊን ድረምኮንድራ በተባለው ሰፈር መነኮሳት ያስተዳድሩት በነበረ ተቋም ገብታ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየች። በዚያ የገጠማት ነገር ሁሉ ክፉ ብቻ አልነበረም፤ ጊታር የገዛችላት ከመነኮሳቱ አንዷ ናት። ይሁን እንጂ በዚያው ግቢ ማኅበረሰቡ «ያፈረባቸው» ሴቶች ያለ ደመወዝ ልብስ እያጠቡ ያረጁበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ምሽት አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ከግቢው መሬት የተወሰነው ሲሸጥ የ155 ሴቶች ዐፅም ከዚያ ተቆፍሮ ወጥቷል። እናቷ በፌብሩዋሪ 1985 በመኪና አደጋ ስትሞት ሺኔድ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችው፤ አንድ ቀን ታጠፋው ዘንድ ከቤት ቤት ይዛው ስትዞር ኖረች።

ፎቶ በቴሌቪዥን የመቅደዱን ሐሳብ ያገኘችው ደግሞ አንባቢዎቻችን በሌላ ጉዳይ ከሚያውቁት ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ «ላይቭ ኤይድ» የተባለውን የዕርዳታ ዝግጅት ያስተባበረው ቦብ ጌልዶፍ፣ ከዚያ ቀደም እንደ ጎርጎርዮሳዊው በ1978 ከቡድኑ ከቡምታውን ራትስ ጋር በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀርቦ በተወዳጅነት ሠንጠረዡ ላይ የተፎካከረውን የጆን ትራቮልታን ፎቶ ሲቀድ በልጅነቷ አይታው ነበር። የእርሱ ቀልድ ነበር፤ የእርሷ ግን ቀልድ የለበትም።

ከምሽቱ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ኤንቢሲ ዳግመኛ እንዳትቀርብ አገዳት፤ በሳምንቱ ፕሮግራሙን የመራው ተዋናይ ጆ ፔሺ እኔ ብሆን ኖሮ በጥፊ እላት ነበር ብሎ ተመልካቹን አሳቀ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ አልበሞቿ በመንገድ መዳመጫ ማሽን ተደፈጠጡ። ኦክቶበር 16 ቀን፣ የቦብ ዲላን የ30 ዓመት ሥራ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲከበር ከተጋባዦቹ አንዷ እርሷ ነበረች። ወደ መድረክ ስትወጣ ጩኸቱ ከጭብጨባው በረታ። ልትዘፍን የተዘጋጀችው የዲላንን ሥራ ነበር፤ የፒያኖው መግቢያ ሲጀመር በእጇ አስቁማ ድምፅዋን ከሕዝቡ ጩኸት በላይ ከፍ አድርጋ እንደ ገና «ዋር»ን ዘፈነች። ያጽናናት ወደ መድረኩ ያስተዋወቃት ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ነው፤ ሌሎቹ ታላላቆች ዝም አሉ። በዚያ አዳራሽ የተሰበሰበው ሕዝብ የተቃውሞ ዘፈን አባት ብሎ የሚያከብረውን ሰው ሊያወድስ የመጣ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ዛሬም ይገርመናል።

የሺኔድን ሥራ አንድ ምሽት አፈረሰው የሚለውን አባባል የማንቀበለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከሙዚቃ ኩባንያዎችና ከሽልማት ሰጪዎች ጋር የነበራት ጠብ ከዚያ ቀን የቆየ መሆኑ ነው። በ1985 ለንደን ገብታ ከኤንሳይን ኩባንያ ጋር እንደ ተዋዋለች፣ ፀጉሯን አስረዝማ አጭር ቀሚስ እንድትለብስ ሲመክሯት ሄዳ ራሷን ተላጨች። የመጀመሪያው አልበሟ በሌላ ፕሮዲውሰር ተቀርጾ ካለቀ በኋላ አልወደደችውም፤ በ20 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ራሷ ፕሮዲውሰር በመሆን እንደ አዲስ ሠራችው። በ1989 በግራሚ መድረክ ላይ ስትዘፍን፣ የራፕ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰጥም ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ በመደረጉ የራፕ ቡድኑን የፐብሊክ ኤነሚን ምልክት በተላጨው ራሷ ላይ አሥላ ቀረበች። በ1990 ኒው ጀርሲ ውስጥ ከዝግጅቷ በፊት የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር እንዳይሰማ በመጠየቋ ዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ በማግሥቱ በዚያው መድረክ ላይ ዛተባት። በ1991 ደግሞ ለአራት የግራሚ ሽልማቶች ታጭታ አንዱን ብታሸንፍም፣ ሽልማቱ ለገንዘብ እንጂ ለጥበብ የቆመ አይደለም ብላ ሳትቀበለው ቀረች። ሁለተኛው ምክንያት የራሷ ቃል ነው። በ2021 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ላይ፣ ከመንገዷ ያስወጣት በሠንጠረዥ አንደኛ የሆነው ዘፈኗ («ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ») እንደ ነበር፣ ወደ ትክክለኛው መንገድ የመለሳት ግን የፎቶው መቀደድ መሆኑን ጽፋለች። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ያለፈውን ማስዋቡ አይቀርም፤ ሆኖም ከላይ የዘረዘርናቸውን ድርጊቶች የተከታተለ ሰው ቃሏን ለመጠራጠር ምክንያት የሚያገኝ አይመስለንም።

ዋጋ አላስከፈላትም ማለታችን ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያን ያህል ገበያ ዳግመኛ አላገኘችም፤ ለዓመታትም የቀልደኞች መሣለቂያ ሆና ኖራለች። ፎቶውን በመቅደድ የተቃወመችው በቤተ ክርስቲያን የተሸሸገ የሕፃናት በደል ግን ኋላ ቀስ በቀስ ተገለጠ፦ በ1994 አንድ ካህን በሕፃናት ላይ የፈጸመው በደልና ተላልፎ እንዲሰጥ የቀረበው ጥያቄ መጓተቱ የአየርላንድን ጥምር መንግሥት እስከ ማፍረስ ደረሰ፤ በ2009 ሁለት የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽኖች በቤተ ክርስቲያን በሚተዳደሩ ተቋማትና በዳብሊን ሀገረ ስብከት የተፈጸመውንና የተሸሸገውን በደል በሰፊው ገለጡ፤ በማርች 2010 ሊቀ ጳጳስ በነዲክቶስ 16ኛ ለአየርላንድ ምእመናን የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ። በ1992 እብድ ያሏት ብዙዎች ከዚህ በኋላ ቃላቸውን ለውጠዋል፤ ለውጡ ግን ለሥራዋ እጅግ ዘግይቶ የደረሰ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» የፕሪንስ ዘፈን መሆኑን የማያውቅ የለም። ታዲያ በሌላ ሰው ድርሰት የታወቀችን ድምፃዊት ግጥምና ዜማ ደራሲ ማለት ተገቢ ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፕሪንስ ከተማ ነዋሪ መሆንዎ ጥያቄውን አክብደን እንድናየው አድርጎናል። ዘፈኑን የደረሰው ፕሪንስ ነው፤ መጀመሪያ የወጣውም «ዘ ፋሚሊ» በተባለው ቡድን የ1985 አልበም ውስጥ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር። ሺኔድ በ1990 ስትዘፍነው በአሜሪካም በብሪታንያም ለአራት አራት ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ዘፈኑን የያዘው ሁለተኛ አልበሟም በዓለም ዙሪያ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ጆን ሜይበሪ የሠራው ቪዲዮ ከሞላ ጎደል ፊቷን ብቻ ያሳያል። እናት በጓሮ የተከለቻቸውን አበቦች የሚያነሣው ስንኝ ላይ ስትደርስ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ እንባ ይወርዳል፤ እንባው በዝግጅት የመጣ አልነበረም፣ እናቷን አስባ እንዳለቀሰች ራሷ ተናግራለች። ድርሰቱ የፕሪንስ ሆኖ ሐዘኑ የእርሷ ሆነ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የደራሲነቷ ማስረጃ በሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያው አልበም ያለውን «ትሮይ» የተባለ ሥራዋን እንመልከት። ርዕሱን የወሰደችው አየርላንዳዊው ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ «ኖ ሰከንድ ትሮይ» ብሎ ከጻፈው ግጥም ነው፤ ዘፈኑ በሹክሹክታ ይጀምርና በስድስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ወደ ጩኸት ይደርሳል፤ ውስጡ ያለውም እናቷ ከቤት አስወጥታ ያሳደረቻት የጓሮ ትዝታ ነው። በሁለተኛው አልበም ያለው «ብላክ ቦይስ ኦን ሞፔድስ» ደግሞ አንድ ጊታር ብቻ ይዞ፣ ለንደን ውስጥ ፖሊስ ሲያሳድደው የሞተን ጥቁር ወጣት እያሰበ የማርጋሬት ታቸርን መንግሥት ይሞግታል። የትዳር መፍረስን የሚተርከው «ዘ ላስት ዴይ ኦፍ አወር አኳይንታንስ» በሁለት ኮርድ ብቻ የተሠራ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያዳመጠ ሰው የሚዘፈን ነገር ፍለጋ የሌላ ሰው በር የምታንኳኳ ድምፃዊት አልነበረችም ብሎ ይፈርዳል ብለን እናምናለን።

በእኛ አስተያየት ከድርሰቶቿ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ቅርብ የሆነው በ1994 የወጣው «ፋሚን» ነው። እየዘፈነች ሳይሆን እንደ ራፕ እየተናገረች፣ በ1840ዎቹ አየርላንድን የፈጀው ረሃብ የድንች በሽታ ብቻ ያመጣው ሳይሆን ሌላው እህልና ከብት በወታደር እየተጠበቀ ወደ እንግሊዝ ይጫን ስለ ነበር የከፋ መሆኑን ትከራከራለች፤ ከዚያም ያ ሐዘን በቅጡ ሳይለቀስለት በመቅረቱ ልጆችን የሚደበድብ ሕዝብ አፈራ ወደሚል ድምዳሜ ትሄዳለች። የታሪክ ጸሐፊዎች በዝርዝሩ ላይ ብዙ ይሟገቷታል፤ የምግብ እጥረትንና የመንግሥትን ድርሻ በአንድ ዘፈን ለመመርመር መድፈሯ ግን የሚናቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቄስ ነበረች፣ በኋላ ሰልማ ሞተች የሚሉ አሉ። እውነት ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። በ1999 በፈረንሳይዋ ከተማ ሉርድ ከሮም ቤተ ክርስቲያን በተለየ አነስተኛ ቡድን ጳጳስ እጅ ክህነት ተቀብላለች፤ ሮም ግን አላወቀችላትም። በ2018 እስልምናን ተቀብላ ሹሃዳ ሳዳቃት ተብላ፣ በአልበሞቿና በመድረክ ላይ ግን በቀድሞ ስሟ ቀጥላለች። በኦገስት 2023 ብሬይ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ሽኝት ሲደረግላት ኢማም ጸሎት መርቷል፤ የአየርላንድ ፕሬዚዳንትም ተገኝተዋል። በጃንዋሪ 2022 የ17 ዓመት ልጇን በሞት አጥታ ስለ ነበር ብዙ ሰው የእርሷንም አሟሟት በሌላ ጠርጥሮት ነበር፤ የለንደን መርማሪ ግን ሞቷ የተፈጥሮ መሆኑን፣ የቆየ የሳንባ ሕመምና አስም እንደ ገደላት አረጋግጧል።

ጥያቄ፦ ሥራዎቿን ለማዳመጥ ከየት ልጀምር? (አንባቢያችሁ፣ ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ከ1987ቱ «ዘ ላየን ኤንድ ዘ ኮብራ» ይጀምሩ። ርዕሱ በእኛ ዳዊት 90ኛው ከሆነው መዝሙር፣ አንበሳውንና እባቡን ስለ መርገጥ ከሚናገረው ቃል የተወሰደ ነው፤ በአልበሙ ውስጥ ይህንኑ በአይሪሽ ቋንቋ የምታነበው አየርላንዳዊቷ ዘፋኝ ኤንያ ናት። ቀጥሎ የ1990ውን ያድምጡ፤ በተለይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ የሙሾ ግጥም በጄምስ ብራውን የከበሮ ምት ላይ የተዘፈነበትን «አይ አም ስትሬችድ ኦን ዩር ግሬቭ»ን። በ1992 የወጣውን የድሮ የጃዝ ዘፈኖች ስብስብ መዝለል ይችላሉ፤ ድምፅዋ ያምራል እንጂ አልበሙ ልብ አይይዝም። የ1994ቱ «ዩኒቨርሳል ማዘር» በእኛ ፍርድ ከሁሉም ይበልጣል። የቀድሞ የአየርላንድ ዜማዎችን የሚወዱ ከሆነ የ2002ቱን «ሻን ኖስ ኑዋ»፣ ሬጌ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ኪንግስተን በሚገኘው በቦብ ማርሊ ስቱዲዮ ከጃማይካዊዎቹ ሙዚቀኞች ከስላይና ሮቢ ጋር የቀረጸችውን የ2005ቱን «ትሮው ዳውን ዩር አርምስ» ይፈልጉ። በኋላ ከመጡት መካከል የ2012ቱ አልበም ጠንካራ ነው፤ በዚያ ውስጥ ቀልድም ትቀልዳለች፤ ይህ ጠባይዋ ከጋዜጣ ወሬዋ የተነሣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።